አንዱ በሬ ሲዘገይ

«መብራት ሲጠፋስ?»

አባባ ዶክተሩን መጀመሪያ የጠየቁት ይህንን ነው። ዶክተሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳ ቆይቷል፤ በወረቀት፣ በእስክሪብቶ፣ ሲያቅተው ደግሞ ሁለት እጁን እየጨበጠና እየዘረጋ። በመጨረሻ «ልብዎን በኤሌክትሪክ የሚያግዝ ትንሽ ዕቃ ደረትዎ ላይ ይተከላል» አላቸው። አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ትንሽ አሰቡ፣ ጠየቁ። እኛ ሰፈር መብራት ሄደ ማለት ሦስት ቀን ሊቀር ይችላል። ታዲያ ምን ይጠይቁ?

እኔ ሳቄ መጣ። ዶክተሩ ግን ቁም ነገር ብሎ መለሰላቸው። ባትሪው ራሱ ውስጡ ነው፣ ከቤት መብራት ጋር አይገናኝም፣ ለዓመታት ይቆያል። አባባ «እንዲያ ከሆነ ደግ» አሉና ሌላ ጥያቄ አስከተሉ። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ሳምንት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለአባቷ ተመሳሳይ ነገር ታዝዞላቸው «ያንቺ አባት ማሽን ገባላቸው አይደል? ታዲያ መድኃኒቱን አቆሙ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላቆሙም። ማቆምም የለባቸውም። ግን አልፈረድኩባትም፤ እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እንደሷ ነበር የማስበው። ማሽን ከገባ ልብ ተተካ፣ አለቀ፣ ደቀቀ።

አባባ ደምበጫ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው። ሕመሙ የጀመረው በሳል ነው፤ ማታ ማታ። ከዚያ መተኛት እምቢ አለ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ትራስ በትራስ ላይ መደረብ ጀመሩ፣ ሲብስ ደግሞ መደቡ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ተደግፈው ያነጉ ነበር። እናቴ እናና «ብርድ መትቶት ነው» አለች። አንድ ክሊኒክ አስም ነው ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጣቸው። ሌላው ጨጓራ አለ። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ሲል ደግሞ ኩላሊት ነው ተባለ። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ብቻ በዚያ ዓመት ውስጥ የአንገታቸው ደም ሥር መወጠሩን ያየ፣ ልባቸውን ረጋ ብሎ ያዳመጠ ሰው አልገጠመንም። ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ተነሥቶ የሚቀመጥ፣ እግሩ አብጦ በጣት ሲጫኑት ጉድጓድ የሚቀር ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሳንባን ብቻ አታስቡ።

በኋላ ባሕር ዳር አምጥቼ ኤኮ አስነሣኋቸው። ኤኮ ለነፍሰ ጡር ከሚደረገው አልትራሳውንድ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ልብ ላይ ሲሆን ነው እንዲህ የሚባለው። ውጤቱ ላይ «ኢኤፍ 24 ከመቶ» ተጽፏል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከመቶ 24 ያመጣ ተማሪ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ቁጥሩ ግን ከመቶ የሚታረም ፈተና አይደለም። ልብ ዘና ሲል ደም ይሞላል፣ ሲጨመቅ ደግሞ ከሞላው የተወሰነውን ይገፋል። ስንት ከመቶውን ገፋ ነው ነገሩ። ጤነኛ ልብም ሁሉንም አይገፋም፤ ከ55 እስከ 70 ከመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ የአባባ 24 የሚታየው ከ60 ገደማ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፣ ክፉ ነው። ግን እኔ ሦስት አራተኛው ልባቸው የሞተ ነበር የመሰለኝ።

ስሙም ያሳስታል። «የልብ ድካም» እንላለን። አንዳንዱ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ደረቱን ይዞ ድንገት የሚወድቀውን ነው። ያ ሌላ ነው፤ የልብ የራሱ ደም ሥር ሲደፈን የሚመጣ። እኔ የማወራው ልብ ሳይቆም፣ ሌት ተቀን እየሠራ፣ ግን ደሙን በሚገባ መግፋት ሲያቅተው ነው። ያልተገፋው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ሳንባ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እግር ላይ ያሳብጣል። «ድካም» ስለተባለ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ አጥሚት ይዞ ይመጣል። ይጠጡ፣ ይበርቱ። ውኃ ለሞላው ሰው ሌላ ውኃ።

የአባባ መነሻው የደም ግፊት ሳይሆን አይቀርም፤ ለዓመታት ሳይለካ የኖረ። የልብ ደም ሥራቸው ታይቶ አልተደፈነም፣ ጡንቻው ግን ሳስቶ ሰፍቷል። እኛ አገር በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ልባቸው የሚደክመው ብዙዎቹ ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ የጉሮሮ ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቭ ሲበላሽ ነው። ገጠር እንጥል ማስቆረጥ መድኃኒት ይመስለናል። ጀርሙ እንጥሉ ተቆረጠ ብሎ አይሄድም። የዚያ መፍትሔ ቫልቩን ማስተካከል ስለሆነ የዛሬው ወሬዬ እሱን አይመለከትም።

መድኃኒት ታዘዘ። ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ዳፓግሊፍሎዚን። እብጠቱን ለማውረድ ላሲክስ። ዳፓግሊፍሎዚን መጀመሪያ የስኳር መድኃኒት ስለነበር «ስኳርም አለብዎት እንዴ?» የሚል ጠያቂ አልጠፋም። የላቸውም፤ ለደከመ ልብም የሚረዳ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ዶክተሩ ያኔውኑ ስለ ማሽን ጠይቄው «አትቸኩሉ፣ ቢያንስ ሦስት ወር በመድኃኒት እንይ» አለኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢኤፉ በመድኃኒት ብቻ ከ35 በላይ የሚወጣ ልብ ብዙ ነው፣ ከወጣ ደግሞ ማሽኑ ላያስፈልግ ይችላል። ኪኒኑን ሳይጀምር ቀጥታ ስለ ማሽን ዋጋ የሚያወራችሁ ካለ ጠይቁት።

እነዚያ ወራት ግን ቀላል አልነበሩም። ኪኒን መዋጥ አይደለም ችግሩ፤ ኑሮው ነው።

ጨው ይቀነስ ተባለ። እሺ፣ ወጡን ቀነስን። አባባ ግን ቡና የሚጠጡት በጨው ነው፤ ሦስቱንም ስኒ፣ ጠዋትም ከሰዓትም። ይህንን ሐኪም ቤት ማንም አልጠየቀንም፣ እኛም አልተናገርንም፣ ምክንያቱም ቡና ውስጥ ያለ ጨው ለእኛ ጨው አይደለም፣ ቡና ነው። በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው አለበት። ሌላው ጠበል ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ጆግ ይጠጡ ነበር፣ በቀን ፈሳሽ ከሁለት ሊትር አይለፍ የተባሉ ሰው። እኔ ብናገር እምነት የሌለኝ እመስላለሁ። የንስሐ አባታቸውን አማከርናቸው። እሳቸው «በረከቱ በብዛቱ አይደለም፣ በትንሽ ጣሳ ይበቃል» ብለው አንዴ ጨረሱት።

ላሲክስ ደግሞ ሽንት በሽንት ያደርጋል። እሁድ ቅዳሴ ላይ ይህ አይሆንም። ስለዚህ አባባ እሁድ እሁድ ዝም ብለው ይዘሉታል፣ ለማንም ሳይናገሩ። በጾም ቀን ደግሞ ሁሉንም ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩታል። ሰኞ እግራቸው ለምን እንደሚያብጥ ወር ሙሉ ግራ ገብቶን ነበር። አሁን ከቅዳሴ መልስ ይወስዳሉ። የዶክተሩ መልስ «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» ነበር።

በአራተኛው ወር ኤኮ ተደገመ። 30። ጨምሯል፣ ግን 35 አልደረሰም። ዶክተሩ የኢሲጂውን፣ የልብ ኤሌክትሪክ የሚሣልበትን ወረቀት ዘረጋ። ያ ወረቀት ላይ ያሉትን ትንንሽ ሳጥኖች አይታችኋል? እያንዳንዷ 40 ሚሊ ሰከንድ ናት። የታችኛው የልብ ክፍል በኤሌክትሪክ ሲነቃ የሚሠራው ሹል መስመር ስፋቱ ከሦስት ሳጥን ማነስ አለበት። በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ቆጠረልን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። 160 ሚሊ ሰከንድ።

ትርጉሙ ይህ ነው። ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው። ምልክቱ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርድና በቀኝና በግራ መስመር ይከፈላል፣ ሁለቱም ጎን እኩል ይጨመቃል። የአባባ የግራው መስመር ተዘግቷል። ምልክቱ ግራ ጎን መድረሱ አልቀረም፣ ግን በጡንቻው ውስጥ ለውስጥ ዞሮ ነው የሚደርሰው፣ ዘግይቶ። አስፋልት ሲዘጋ በጥርጊያ መንገድ መዞር ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው አላስረዳም።

አባባ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። ከዚያ «እና አንዱ በሬ ይዘገያል በለኛ» አሉት።

ዶክተሩ የከተማ ልጅ ነው፤ ቀና ብሎ አያቸው።

«ጥማዱ ላይ አንዱ በሬ ሲዘገይ ቀንበሩ ይጣመማል፣ ማረሻው ይስታል። ሁለቱም ላብ በላብ ይሆናሉ፣ መሬቱ ግን አልታረሰም።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላነበብኩም። አንዱ ጎን ሲጨመቅ ሌላው ገና ዘና ብሎ ከሆነ ጉልበቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በሬዎቹ ደካማ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ አብረው ስላልሳቡም ነው። ዶክተሩ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሌላ ታማሚ «አንዱ በሬ ዘግይቶ» እያለ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ማሽን ሲባል ግን እኔ ሆዴ ፈራ። ምክንያቱ አጎቴ ነው።

አጎቴ የእናና ታናሽ ወንድም ነው፣ ሜሪላንድ ይኖራል። የእሱ ልብ የተጎዳው ደም ሥሩ ተደፍኖ ነው፣ ደረቱ ላይ አይሲዲ የሚባል ዕቃ አለ። ለዕረፍት መጥቶ ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ልናይ ሄድን። ፈረሶቹ አጊጠው ይጋልባሉ፣ አቧራው ጨሷል፣ እሱ ከጎኔ ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል። ትንሽ ዞረብኝ ሲል ሰማሁት። ወዲያው «ዋይ!» ብሎ ተስፈንጥሮ ወደቀ፤ ስልኩ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። «ፈረስ ረገጠው!» ብሎ ሰው ተሰበሰበ። የቅርቡ ፈረስ ግን ሃያ ሜትር ይርቃል። አጎቴ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥቶ ተቀመጠና ደረቱን እየዳሰሰ «አዎ ረግጦኛል፤ ፈረሱ ግን ውስጤ ነው ያለው» አለ።

አይሲዲ እንዲህ ነው። እያንዳንዷን ምት ይከታተላል። የልብ የታችኛው ክፍል ድንገት ከቁጥጥር ወጥቶ ሲጋልብ፣ ደም መግፋቱን ትቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ማሽኑ ያኔ መጀመሪያ ሰውየው እንኳ በማይሰማው ፈጣን ምት ሊያረጋጋው ይሞክራል፣ እምቢ ካለ በኤሌክትሪክ ይመታዋል። ይህንን ያሰበው ሚሼል ሚሮቭስኪ የሚባል ዋርሶ የተወለደ ሐኪም ነው። አስተማሪው እንዲህ ባለ የልብ ምት ድንገት ሲሞትበት ደረት ውስጥ የሚገባ ማሽን ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ፤ ብዙ ባልደረቦቹ የማይሆን ነገር ነው እያሉት ቀጠለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ባልቲሞር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተተከለ፣ አጎቴ አሁን ከሚኖርበት ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው።

ግን ልብ በሉ፣ አይሲዲ የደከመውን ጡንቻ አያበረታም። ዘበኛ ነው እንጂ አራሽ አይደለም። አጎቴ ለሐኪሞቹ ደውሎ «አንዴ ብቻ ከመታህና አሁን ደህና ከሆንክ ተረጋጋ፣ ቶሎ ታየው፤ ከደገመህ ወይ ካዞረህ ግን ወዲያው ሆስፒታል» አሉት። ሲመለስ የማሽኑ ማኅደር ተነበበ፤ በትክክለኛው ሰዓት፣ ለትክክለኛው ምት ነው የመታው። ለምን ያኔ እንደተነሣበትም እኛ እንጠረጥራለን። ካርቬዲሎሉን ባሕር ዳር ሻንጣ ውስጥ ረስቶ ሁለት ቀን ሳይወስድ ነበር።

ለአባባ የታሰበው ሲአርቲ ሌላ ነው። ይህ ሁለቱ ጎን አብረው እንዲስቡ የሚያደርግ ነው። ተራው ፔስሜከር ዘገምተኛ ልብን ያስመታል፤ አንድ ወይም ሁለት ሽቦ ይበቃዋል። ሲአርቲ ብዙ ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው። አንዱ ላይኛው ቀኝ ክፍል፣ አንዱ ታችኛው ቀኝ፣ ሦስተኛው በልብ ጀርባ ባለ ደም መላሽ ሥር ገብቶ ግራውን ጎን የሚያገኝ። ከዚያ ሁለቱንም ጎን ባንዴ ይቀሰቅሳል። ጅራፉ ሁለቱም በሬ ላይ እኩል ያርፋል። በየምቱ፣ ሌሊትም ጭምር።

ለሁሉም አይሆንም። ከሚተከልላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ያን ያህል ለውጥ አያይም። የተሻለ የሚሆንለት የግራው መስመር ተዘግቶ ስፋቱ 150 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ነው፣ እንደ አባባ። መስመሩ ጠባብ የሆነ ሰው ኢኤፉ ዝቅ ስላለ ብቻ ሲአርቲ ቢገባለት ጥቅም የለውም፣ ሊጎዳውም ይችላል።

ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ አለ፤ የሚያስተባብርም የሚመታም። ውድ ነው። አጎቴ «እሱን ግዙ» ብሎ ወጥሮ ያዘን። ዶክተሩ እንዲህ አለን። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ 813 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የሚያስተባብረው ብቻውን ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ ልባቸው ደም ሥር ሳይደፈን የደከመባቸው 1,116 ሰዎች ታይተው፣ የሚመታው የተጨመረላቸው ድንገተኛ ሞት ቀንሶላቸዋል፣ በጠቅላላው የሞቱት ቁጥር ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። አጎቴ ደም ሥሩ የተደፈነ ነው፣ አባባ አይደሉም። ለአባባ የማይመታው በቂ ነው። አጎቴ አኮረፈ፣ ገንዘቡን ግን ላከ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ሁለት በሬ ቢሸጥ ጫፉን አይነካም፣ የጤና መድናችንም አልሸፈነውም።

አሁን ወደ አባባ ሌላ ጥያቄ። «ጠበል ይነካዋል?» ቁስሉ እስኪድን አይነካም፣ ከዳነ በኋላ ውኃ አይገባበትም፣ መጠመቅ ይችላሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ክፍሉን ጸጥ አደረገው። «ቀኔ ሲደርስ ይህ ነገር ነፍሴን ይዞ አያስቸግራትም?» ዶክተሩ ወንበሩን አስጠጋ። የሞተ ጡንቻ ምልክቱ ቢደርሰውም አይመታም፣ ነፍስ አይይዝም አላቸው። ከደጅ ስንወጣ አባባ «ይህ ልጅ ጨዋ ነው» አሉ። እሺ ያሉት ያኔ ይመስለኛል፣ በጥናቱ አይደለም።

ለመተከሉ አዲስ አበባ ሄድን። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃን ወርደን ጎሐ ጽዮን ስንወጣ አባባ እግራቸውን ሻንጣ ላይ ሰቅለው ተኝተው ነበር፤ ከአንድ ዓመት ወዲህ በመኪና ሲተኙ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ። ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሙሉ ማደንዘዣ የለም፣ ቦታው ብቻ ነው የሚደነዝዘው። ከግራ ትከሻ አጥንት ሥር ትንሽ ተቀደደ፣ ሽቦዎቹ በደም ሥር ገቡ። ሲወጡ «ስለ ኳስ ሲያወሩ ሰማኋቸው» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ግራ እጅን ከትከሻ በላይ ማንሣት የለም፣ ከባድ መሸከም የለም፤ ሽቦው ቦታውን እስኪይዝ። ገበሬን እንዲህ ማለት ቀላል ነው? እናና ነጠላ ቀድዳ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው። ትከሻው ጨርሶ እንዳይደርቅ ክርኑን ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ እንዳለባቸው ኋላ ነው የተነገረን። ስልክ በቀኝ ጆሮ፣ ደረት ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ብየዳ ቤት አጠገብ አይቆምም። ማሽኑ የተጻፈበት ካርድ ከመታወቂያ ጋር አይለይም። በየስድስት ወሩ ደግሞ በኮምፒውተር ይነበባል፣ ባትሪው ስንት እንደቀረው ይታያል። አንዱን ቀጠሮ መንገድ ተዘግቶ በሦስት ወር አሳልፈነዋል። እንቅልፍ አልነበረኝም።

አሁን ኢኤፋቸው 38 ነው። ዶክተሩ በዚህ ተደስቷል። እናና ግን የራሷ መለኪያ አላት፤ አራት ትራስ ነበር፣ አሁን አንድ ነው። አራቱንም የመድኃኒት ዓይነት ይወስዳሉ፣ ላሲክሱ በግማሽ ቀንሷል። አያርሱም፤ ጥማዱን ለዘመድ ልጅ ሰጥተው እሱ ሲያርስ ዳር ላይ ተቀምጠው ይቆጣሉ።

ትናንት ማታ ደወልኩ።

«ኪኒኑን ዋጡ?»

«ዋጥኩ።»

«ቡናውስ?»

«ጨው የሚባል እዚህ ቤት ካየሁ ስንት ጊዜዬ!»

እናና ስልኩን ተቀበለቻቸው። «እውነቱን ነው፣ እዚህ ቤት የለም» አለችኝ። «ዛሬ ቡና የጠጣው ጎረቤት ቤት ነው።»